ከበሩ ወዲህ ያለው ሕግ
በቀዩ ካርድ ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

በአዲስ አበባ፣ ከሠራተኛ ሠፈር እስከ ደጃች ውቤ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ፣ አሜሪካ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። በእነዚህ ቤቶች ቡና ላይ ለዓመታት የሚነሳው ጥያቄ የታወቀ ነበር፦ «ወረቀቱ ወጣለት?» «ኬዟ ምን ደረሰ?» «ግሪን ካርዷ መጣላት?» ከ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ መጥቷል፦ «አይስ ቢመጣበት ምን ማለት እንዳለበት ያውቃል?» አይስ የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት ነው፤ ስሙን ዛሬ እንግሊዝኛ የማይናገሩ እናቶች ሳይቀሩ ያውቁታል።

ጭንቀቱ መሠረት አለው። አሜሪካ አገራችን ውስጥ በተካሄደው ጦርነትና ባስከተለው ሰብዓዊ ቀውስ ምክንያት ለኢትዮጵያውያን ቲፒኤስ የተባለውን ጊዜያዊ ከለላ የሰጠችው በዲሴምበር 2022 እ.ኤ.አ. ነበር። ከለላው በ2024 ተራዘመ፤ በዲሴምበር 2025 ደግሞ የአገሪቱ መንግሥት ማቋረጡን አስታወቀ። በጃንዋሪ 2025 አብያተ ክርስቲያናትን፣ ትምህርት ቤቶችንና ሆስፒታሎችን ከኢሚግሬሽን እስር ጠብቆ ያቆየው መመሪያ ተሽሯል። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የፌዴራል ኃይሎች በዋሽንግተን ዲሲ ጎዳናዎች ሲሰማሩ የኢሚግሬሽን መኮንኖችም አብረው ወጡ። ያ ከተማ ታክሲና ኡበር እየነዳ፣ የመኪና ማቆሚያ እየጠበቀ የሚያድረው የብዙ ሀበሻ እንጀራ ነው። ልጁ ለቅዳሴ ሲወጣም ለሥራ ሲወጣም የእናት ልብ አብሮ የሚወጣው ለዚህ ነው።

በዚህ ወቅት ከእጅ ወደ እጅ ከተዳረሱ ጽሑፎች ሁሉ በስፋት የታወቀው ቀዩ ካርድ ነው። ያዘጋጀው በ1979 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው፣ መቀመጫውን ሳን ፍራንሲስኮ ያደረገው የስደተኞች የሕግ መርጃ ማዕከል ነው። ካርዱ መጀመሪያ የወጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 2006፣ በስድስት ክፍላተ አገር በሚገኙ የስጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች ላይ በአንድ ቀን በተካሄደ አሰሳ 1,300 ገደማ ሠራተኞች ተይዘው ነበር። ካርዱ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። በኪስ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ገጽ በባለቤቱ ቋንቋ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ነው።

የሰው ዕጣ የተንጠለጠለበት እንዲህ ያለ አጭር ጽሑፍ እንደ ማንኛውም ሥራ ሊነበብ፣ ሊመዘንና ሊተች ይገባዋል። የእኔ ሚዛን ይህ ነው፦ ካርዱ በሕጉም በአጻጻፉም የተዋጣለት ነው፤ ነገር ግን የተጻፈው በሩ ፊት ብቻውን ለቆመ ሰው ነው። የእኛ ሰው ብቻውን አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ ስለ እርሱ እንቅልፍ የሚያጣ ቤተሰብ አለው። ካርዱ በእኛ ዘንድ ሙሉ የሚሆነው ቤተሰቡ አብሮ ሲያጠናውና ሲለማመደው ነው።

ካርዱ የሚለው

ለባለቤቱ የተጻፈው ገጽ በትእዛዝ አንቀጽ የተሞላ ነው። የኢሚግሬሽን መኮንን ቢያንኳኳ በር አትክፈት ይላል። ቢጠይቁህ አትመልስ፣ ዝም የማለት መብት አለህ። ጠበቃ ሳታናግር ምንም ነገር ላይ አትፈርም። ከቤት ውጭ ከሆንክ መሄድ እችላለሁ ወይ ብለህ ጠይቅ፤ አዎ ካሉህ ተረጋግተህ ሂድ። ይህን ካርድ ለመኮንኑ ስጠው፤ ቤት ውስጥ ከሆንክ በመስኮት አሳየው ወይም በበሩ ሥር አሾልከው።

እንግሊዝኛው ገጽ የሚናገረው ለመኮንኑ ነው። ባለቤቱ በአምስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሠረት መናገር፣ ጥያቄ መመለስ፣ መፈረምና ሰነድ ማስረከብ እንደማይፈልግ ይገልጻል። በአራተኛው ማሻሻያ መሠረት ደግሞ ዳኛ የፈረመበት፣ ስሙ የተጻፈበት ማዘዣ በበሩ ሥር ካልገባለት በቀር ወደ ቤቱ መግባትን እንደማይፈቅድ፣ ንብረቱ እንዲፈተሽም እንደማይፈቅድ ያስታውቃል። መዝጊያው ላይ ካርዱ ለዜጋም ዜጋ ላልሆነም የተዘጋጀ መሆኑን ይናገራል።

ጥንካሬው

የመጀመሪያው ጥንካሬ የሁለቱ ገጾች አሠራር ነው። አንዱ ገጽ የፈራውን ሰው ያስተምራል፤ ሌላው በእሱ ፈንታ ይናገራል። ልጆቿን ለማሳደግ በቅርቡ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባች እናት፣ እንግሊዝኛዋ ከሰላምታ የማያልፍ፣ በሕገ መንግሥት ቋንቋ ልትከራከር አትችልም፤ አያስፈልጋትምም። እጇ ካርዱን ከዘረጋ ክርክሩ ተጀምሯል። የተደናገጠ ሰው አንደበት ምን ያህል እንደሚከዳ የሚያውቅ ሰው ነው ይህን ያሰበው።

ሁለተኛው ያቺ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ናት። ካርዱ ለዜጋም የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ካርዱን መያዝ «ወረቀት የለኝም» ብሎ ማመን አይሆንም። ከዚህች ዓረፍተ ነገር ኋላ ረጅም የሕግ ታሪክ ቆሟል። አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት በ1886 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዪክ ዎ በተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናዊ የልብስ ንጽሕና ቤት ባለቤት ጉዳይ የሕግ እኩል ጥበቃ ለዜጎች ብቻ የተወሰነ አለመሆኑን ፈረደ። በ2001 እ.ኤ.አ. የዛድቪዳስ ጉዳይም፣ በአገሪቱ ግዛት ውስጥ ያለ ሰው፣ መኖሪያው ሕጋዊ ቢሆንም ባይሆንም፣ ሕጋዊ ሥርዓት የመከተል ዋስትና እንዳለው ያው ፍርድ ቤት አጸና። ካርዱ ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ይዞታል።

ሦስተኛውና ትልቁ ጥንካሬ የማዘዣው ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። የኢሚግሬሽን መኮንኖች በብዛት የሚይዙት ወረቀት በዳኛ የተፈረመ አይደለም። ፎርም አይ-200 የእስር፣ አይ-205 የማስወጣት ማዘዣ ነው፤ ሁለቱንም የሚፈርማቸው የራሱ የመሥሪያ ቤቱ ሹም ነው። አናቱ ላይ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ስም ይነበባል። የዳኛ ማዘዣ ግን አናቱ ላይ የፍርድ ቤት ስም፣ ግርጌው ላይ የዳኛ ፊርማ አለው፤ የቤት ፍተሻ ከሆነ ትክክለኛው አድራሻም ይጻፍበታል። ሁለቱም ማኅተምና ፊርማ ስላላቸው ያልለመደ ዓይን አይለያቸውም። ማኅተም ባየ ቁጥር እጁን ለሚሰጥ እንደኛ ላለ ሕዝብ ይህን ልዩነት ማወቅ የካርዱ ትልቁ ስጦታ ነው። በመስኮት ወረቀቱን አይቶ «ይህን የፈረመው ማነው?» ብሎ መጠየቅ የሚችል ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ዝምታ ነውር በሆነበት ቤት

ካርዱን በአማርኛ እያነበብኩ ጊዮርጊስ አካባቢ ለኖሩ፣ ልጃቸው አሜሪካ ላለ ጎረቤቴ አስረዳኋቸው። «በር አትክፈት» የሚለው ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

«እንዴ! የመንግሥት ሰው ደጅ ቆሞ ዝም ይባላል? ልጄ እንዲህ ብሎ አላደገም። ደህና ዋላችሁ ብሎ፣ ግቡ ብሎ፣ አስቀምጦ ነው የሚያስረዳቸው።»

እኚህ እናት የተናገሩት የካርዱን ዋና ፈተና ነው። እኛ ያደግነው በር ከፍተን፣ ተነሥተን፣ አንገት ሰበር አድርገን ነው። ባለሥልጣን ሲጠይቅ ያለ ፍርሃት ሁሉን መናገር የንጹሕነት ምልክት ይመስለናል፤ ዝም ያለ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስለናል። የአራዳ ልጅ ደግሞ አንደበቱን ያምናል፦ ቀልዶ፣ አግባብቶ፣ «ወንድሜ፣ እስቲ ስማኝ» ብሎ ከስንቱ ኬላ አልፏል። ይህ ሁሉ በአይስ ፊት ይከዳዋል። «ከየት ነህ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው አንድ ቃል፣ «መቼ ገባህ?» ለሚለው የሚሰጠው አንድ ዓመት፣ በኋላ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የመንግሥት ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ዜጋ አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም በቅድሚያ ያለው መንግሥት ላይ ነው፤ ደጉ ሰው ያንን ሸክም በገዛ አንደበቱ ከመንግሥት ጫንቃ አንሥቶ ራሱ ይሸከመዋል።

ካርዱ ግን የሚለው «ዝም በል» ብቻ ነው፤ ዝምታ የሚከብደውን ሰው እንዴት ዝም እንደሚል አያስተምረውም። ይህ ክፍተት በእኛ መሞላት አለበት፤ የምንሞላውም ከራሳችን ዕቃ ቤት ነው። አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ያሉት ለዚህ ዓይነት ጊዜ ነው። ከዚያም በላይ፣ የዝምታ መብት ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 2 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፣ የሚናገረው ቃልም በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው እንደሚገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና መኖሪያ ቤትን ከፍተሻ ይጠብቃል። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ የብርበራ ማዘዣን የሚያውቀው ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ካርዱ የሚናገረውን ነገር አራዳ ምድብ ችሎት ደጃፍ ላይ የጊዜ ቀጠሮ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

የእኛ ልማድ ከጽሑፉም ይቀድማል። ቀድሞ በአደባባይ የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲል የበደለው ኃይለኛ እግሩ ይታሰር ነበር። ጉልበት በሕግ ስም ይቆማል ብሎ ማመን ለእኛ አዲስ አይደለም። ቀዩ ካርድ ያንኑ ጥሪ በወረቀት ያደርገዋል፤ ይህን ስነግራቸው እኚያ ጎረቤቴ ተረጋጉ። ማታ ለልጃቸው በቴሌግራም ደወሉ፤ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ።

«አቡሽ፣ እኔ ፖሊሱ ነኝ እሺ? ኳ፣ ኳ፣ ኳ! ክፈት!»

«ማነው?»

«ኢሚግሬሽን ነን። ከየት ነህ አንተ?»

«ከኢት...»

«ተሳሳትክ! ይኸው ተናገርክ! እንደገና!»

ሲደግሙት ልጁ በተረጋጋ ድምፅ «የዳኛ ማዘዣ ካላችሁ በበሩ ሥር አስገቡልኝ። ጠበቃዬ ሳይኖር አልናገርም» አለ። እናቱ «ጎሽ፣ የኔ ጌታ» አሉት። ከዚያ በእንግሊዝኛ እንዲለው አስደገሙት፤ እሳቸው ቃሉን ባያውቁትም የድምፁን እርጋታ እየመዘኑ። ካርዱ ሊሰጥ ያልቻለውን ነገር እዚያች ክፍል ውስጥ አየሁ፦ መብት በአእምሮ ከሚታወቅ ነገር ተነሥቶ ምላስ የለመደው ነገር ሲሆን። የሚወዱትን ሰው መርዳት ሲባል ከአዲስ አበባ ሊደረግ የሚችለው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ገንዘብም ቪዛም አይጠይቅም።

ካርዱ ያላለው

አጭርነት ዋጋ አለው፤ የካርዱ ዋጋ የተዘለሉት ነገሮች ናቸው። የሚከተሉትን የዘለለ ሰው በካርዱ ብቻ ተማምኖ ሊጎዳ ይችላል።

ካርዱ ዝም በል ሲል ዋሽ ማለቱ አይደለም፤ ይህን ግን በግልጽ አይጽፍም። ለመኮንን ሐሰት መናገር፣ የሌላ ሰው ወይም የተጭበረበረ ሰነድ ማሳየት፣ ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ዜጋ ነኝ ብሎ መዋሸት ደግሞ በኢሚግሬሽን ሕግ ፈውስ የማይገኝለት ቁስል ሊሆን ይችላል። መሮጥና መታገልም ጉዳቱን ያብሳል። መኮንኖቹ በኃይል ቢገቡ ሰውየው «አልፈቅድም» ብሎ ጮክ ብሎ ይናገር፤ በአካል ግን አይከላከል።

ካርዱ የሚያስበው በር ነው። የእኛ ሰው ግን አብዛኛውን ቀኑን የሚያሳልፈው መሪ ጨብጦ፣ በመጋዘን፣ በሆስፒታል፣ በሱቅ ነው። መኪና የሚነዳ ሰው በትራፊክ ፖሊስ ሲቆም መንጃ ፈቃዱን ማሳየት አለበት፤ በአንዳንድ ክፍላተ አገር ስምን መናገርም ግዴታ ነው። የኢሚግሬሽን ሕጉ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው የውጭ ዜጋ የተሰጠውን የምዝገባ ሰነድ፣ ለምሳሌ ግሪን ካርዱን፣ እንዲይዝ ያስገድዳል። ስለዚህ ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ቀዩን ካርድ ብቻ ይዞ ግሪን ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ትቶ ከወጣ ተሳስቷል። አየር ማረፊያና ድንበር ላይ ደግሞ የፍተሻው ሕግ ሌላ ነው።

የማዘዣውም መስመር ራሱ እየተገፋ ነው። በጃንዋሪ 2026 ይፋ የወጣ፣ በሜይ 2025 የተጻፈ የአይስ የውስጥ ማስታወሻ፣ የመጨረሻ የማስወጣት ትእዛዝ ያለባቸውን ሰዎች ለመያዝ መኮንኖች በአስተዳደራዊ ማዘዣ ብቻ ቤት በኃይል እንዲገቡ ይፈቅዳል። ይህ የካርዱን መሠረት በቀጥታ የሚነካ አቋም ነው፤ የሕግ ባለሙያዎችም አጥብቀው ይቃወሙታል። ለቤተሰብ የሚሰጠው ትምህርት ግን አንድ ነው፦ ልጃችሁ የመጨረሻ የማስወጣት ትእዛዝ እንዳለበትና እንደሌለበት አሁኑኑ፣ ሳይቃጠል በቅጠል፣ ይወቅ። ብዙ ሰው ቀጠሮ ሳይቀርብ ቀርቶ ትእዛዝ እንደተጻፈበት የሚያውቀው ከተያዘ በኋላ ነው።

ጠበቃን በተመለከተ ካርዱ መብት እንዳለ ይናገራል፤ ማን እንደሚከፍል አይናገርም። በኢሚግሬሽን ጉዳይ መንግሥት ለታሳሪ ጠበቃ አያቆምም። ለአራዳ ሰው ይህ እንግዳ ነው። ሌላም እንግዳ ነገር አለ። እዚህ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብን እንጠብቃለን፤ የኢሚግሬሽን እስር ግን የወንጀል ጉዳይ ስላልሆነ እንዲህ ያለ የዳኛ ፊት ቀጠሮ የለውም፤ ሰውየው ቤተሰቡ ሳያውቅ ከሜሪላንድ ወደ ሉዊዚያና ወይም ወደ ቴክሳስ ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ የጠበቃ ስልክ ከመታሰር በፊት በቃል መጠናት አለበት፤ ሲታሰር ሞባይሉን ይወስዱበታልና።

የጎደለው ገጽ

የእኔ ዋና ትችት እዚህ ላይ ነው። ካርዱ ሦስተኛ ገጽ ያስፈልገው ነበር፤ ለቤተሰብ የሚሆን ገጽ። አዲስ አበባ ያለ ወገን ሊያውቀው የሚገባው ይህ ነው።

አንደኛ፣ የኤ ቁጥር። እያንዳንዱ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያለው ሰው በኤ ፊደል የሚጀምር ከሰባት እስከ ዘጠኝ አኃዝ ያለው ቁጥር አለው፤ ግሪን ካርዱና የሥራ ፈቃዱ ላይ ይገኛል። የታሰረን ሰው በአይስ የኢንተርኔት መፈለጊያ ለማግኘት ይህ ቁጥርና የትውልድ አገር ይበቃሉ። ቁጥሩ ከሌለ ፍለጋው በስም ነው፤ ስም ደግሞ አንድ ፊደል ሳይዛነፍ መጻፍ አለበት። የእኛ ስም እዚህ ላይ ይፈትናል። ጸጋዬን አንዱ በላቲን ፊደል በቲኤስ፣ ሌላው በኤስ ይጽፈዋል፤ የአባት ስም በአንዱ ሰነድ ላይ መካከል፣ በሌላው መጨረሻ ላይ ይገባል። ቤተሰብ የልጁን ስም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል መዝግቦ ያስቀምጥ። ፍለጋውን የጀመረ ሰው «የለም» የሚል መልስ ሲያገኝ ልጁ የጠፋ ይመስለዋል፤ የጠፋው ግን አንድ ፊደል ነው።

ሁለተኛ፣ ኤምባሲ። ልጅ ታሰረ ሲባል እዚህ ያለ ቤተሰብ ወዲያው ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት መሮጥ ይቀናዋል። የ1963 የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 ታሳሪው ቆንስላው እንዲያውቅለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ምርጫው ግን የታሳሪው ነው። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ከገዛ መንግሥቱ ሸሽቻለሁ ብሎ ነው ኬዙን የከፈተው፤ ቤተሰቡ በደግ ልብ ያደረገው ጥያቄ ኬዙን ሊያበላሽበት ይችላል። መጀመሪያ ጠበቃውን ማናገር ነው።

ሦስተኛ፣ ስልክ። ከእስር ቤት የሚደወል ስልክ ሊቀዳ ይችላል። እናት «ለመሆኑ እንዴት ነበር የገባኸው? ያኔ የነገርካቸው ምን ነበር?» ብላ ብትጠይቅ፣ ልጁም ከልቡ ቢመልስ፣ ቃሉ ሌላ ጆሮ ይገባል። በስልክ የሚጠየቀው ጤናው፣ ያለበት ቦታና የጠበቃው ስም ነው፤ ሌላው ይቆይ።

አራተኛ፣ ውክልና። የእኛ ሰው ውክልና ያውቃል፤ ለቤትና ለመሬት ሲል ሰነዶች ማረጋገጫ ደጅ ያልጠና የለም። አሜሪካ ያለው ልጅም በሚኖርበት ክፍለ አገር ሕግ መሠረት፣ ከትምህርት ቤት ልጆቹን ማን እንደሚያመጣ፣ ሒሳቡን ማን እንደሚያንቀሳቅስ፣ የመኪናውን ቁልፍ ማን እንደሚይዝ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወስን።

አምስተኛ፣ ገንዘብ። ችግር ባለበት ሁሉ «እኔ አስፈታዋለሁ» የሚል አይጠፋም። እዚህም እዚያም ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ብሎ የቤተሰብን እንባ የሚሸጥ አለ። ኢሚግሬሽን ነኝ ብሎ ደውሎ በስልክ ገንዘብ ላክ የሚልም አለ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲህ አያደርግም። ጠበቃው ፈቃድ ያለው መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው ብር የሚላከው።

ካርዱ የማይደርስበት

ማንኛውም የመብት ጽሑፍ ጉልበት የሚያገኘው ከጀርባው ፍርድ ቤት ሲኖር ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሳውዲ አረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር፣ ቦሌ ላይ በባዶ እግራቸው ከአውሮፕላን የወረዱት ወጣቶች እንዲህ ያለ ካርድ ቢይዙ ምን ይጠቅማቸው ነበር? በአሠሪው ፈቃድ ላይ በተንጠለጠለ የመኖሪያ ሥርዓት ውስጥ በሩን የሚጠብቅ ዳኛ የለም። የካርዱ ዋጋ የአገሩን የፍርድ ቤት ዋጋ ያህል ነው፤ አሜሪካ ውስጥም ቢሆን የሚጸናው ፍርድ ቤቶች እስከጸኑ ድረስ ነው።

ጥያቄው ወደ ራሳችን ደጅም ይመጣል። ኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ገደማ ስደተኞችን ታስተናግዳለች፤ ብዙ ኤርትራውያን አዲስ አበባ ውስጥ ከእኛ ጋር አንድ ግቢ ተከራይተው ይኖራሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛን ጥሎት ወደ ሸሸው አገር መመለስን ይከለክላል፤ የመንቀሳቀስ መብትም ይሰጠዋል። ልጃችን በሲልቨር ስፕሪንግ በሩ እንዲከበርለት የምንጸልይ ሰዎች፣ ጎረቤታችን የሆነው ስደተኛ መታወቂያው እንዲከበርለት ካልቆምን ጸሎታችን ግማሽ ነው። ቀዩን ካርድ በቅንነት ያነበበ ሰው ይህን ሳያስብ አያልፍም።

ፍርዴ

ቀዩ ካርድ ሊያዝ፣ ሊነበብና ሊሰራጭ የሚገባው ሥራ ነው። ትክክለኛ ነው፤ አጭር ነው፤ በተደናገጠ ሰው እጅ ላይ ይሠራል። ጉድለቱ ለብቻ መጻፉ፣ በርን ብቻ ማሰቡ፣ ዝምታን ማዘዙና አለማለማመዱ ነው። ይህን ጉድለት ሳን ፍራንሲስኮ ያለ ቢሮ ሊሞላልን አይችልም። እኛ እንሙላው።

የሚሞላበት ቦታ ግን ጠቧል። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር ዶሮ ማነቂያንና አካባቢውን የመሰሉ የድሮ መንደሮች ፈርሰው ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳር ተበትኗል። አንዱ ልጅ ችግር ሲያጋጥመው በቡና ላይ ተሰብስቦ የሚመክረው ሠፈር ዛሬ በስልክ ነው የሚገናኘው። ስለዚህ እድሮችና የሰንበቴ ማኅበራት፣ የትም ቢዛወሩ፣ ይህን ጉዳይ አጀንዳቸው ያድርጉት፤ ለለቅሶ የምንሰባሰበውን ያህል ለዚህም እንሰባሰብ። በ1935 እ.ኤ.አ. ሕዝብን ለነፃነት ለመቀስቀስ የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ቴአትር መድረክ ፒያሳ ላይ እስካሁን አለ፤ በር የተንኳኳበትን ሰው የሚያሳይ አጭር ተውኔት፣ በሬዲዮም የሚተላለፍ፣ ካርዱ በአሥር ዓመት የማይሠራውን በአንድ ማታ ሊሠራ ይችላል። ሕዝባችን ነገርን በዓይኑና በጆሮው ነው የሚማረው።

ያ እስኪሆን ድረስ ሥራው የቤተሰብ ነው። ዛሬ ማታ ስትደውሉ ስለ ጤናና ስለ ሥራ ከጠየቃችሁ በኋላ አራት ነገር ጨምሩ፦ የኤ ቁጥሩን ይንገራችሁ፤ የጠበቃውን ስልክ በቃሉ ይበልላችሁ፤ ዳኛ የፈረመበትን ማዘዣ በምን እንደሚለየው ያስረዳችሁ፤ ከዚያ በሩን አንኳኩበትና ይለማመድ። ቢሳሳት አስደግሙት። በእናንተ ፊት የተሳሳተ ልጅ በመኮንኑ ፊት የመሳሳት ዕድሉ ያንሳል።